የቱቦዎች አፍ

ከተማው ሲያልቅና ጎመኑ ሲጀምር፣
እዚያ ነው ሰፈሬ፣ ከባቡር ሀዲዱ ሥር።
ታፔላ ጻፊ ነኝ፣ ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣
እጄ "ጎሚስታ"ና "ሥጋ ቤት" መጻፍ ለምዶ፤
"የሚከራይ ቤት አለ" ስጽፍ በየበሩ
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ዳሩ።

ብሩሼን የማጥበው ወርጄ ከወንዙ፣
ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ይሄዳል ከነጓዙ።
ወንዙ ራሱ እንደሆን ቀለም ቸግሮት አያውቅ፤
ሰኞ ሰማያዊ ነው፣ ሐሙስ በቀይ ሲደምቅ፣
ከላይ ቆዳ ሲያለፉ፣ ከታች እኛ ስንስቅ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ሰው፤
ይሄኛውን ግን እኛ ነን እየሳቅን የወሰድነው።

አንድ እሑድ ማለዳ የእድር ጡሩምባ ተነፋ፤
ደነገጥን፦ ማን ሞተ? ከሰፈር ማን ጠፋ?
"ማንም" — የእድሩ ዳኛ፣ አቶ ሁንዴ ቱሉ —
"ወንዙ ነው የሚያጣጥር፤ ሳንቀብረው ኑ" አሉ።

ናርዶስ የምትባል፣ ንድፍ የተማረች ልጅ፣
ወረቀት ዘርግታ እርሳስ ሰጠችን በእጅ በእጅ።
"እኔ ምን አውቃለሁ? ወንዙ የእናንተ ነው፤
እንዴት ነበር? እንዴት ይሁን? ሣሉትና ልየው።"

ሽታዬ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ድንጋይ ሣለች፣ ጠፍጣፋ፣
ሦስት ሴት የሚያስቀምጥ፣ ጎን ለጎን የሰፋ።
ጎመን አብቃዩ ደቻሳ ደረጃ ሣሉ፣ ስምንት፣
ሁለት ባልዲ ይዞ ለሚወጣ ጉልበት።
ልጆቹ ጎል ብቻ።
ባጫ ግን ዓሣ ሣለ፣ ከነቆርቆሮው፤
ሌላ ዓሣ የት አይቶ? ማንስ ሊነግረው?

እኔም ተራ ደርሶኝ፣ እርሳሴን ነክሼ፣
አንድ ትልቅ አፍ ሣልኩ፣ ከጥርሱ ጨርሼ።
ለምን? እንጃ።
ናርዶስ አየችና ዝም ብላ ቆየች፤
"እያንዳንዱ ቱቦ አፍ ይኑረው" አለች።

መሰላል ከእድሩ፣ ቀለም በዱቤ ከአወል ሱቅ፤
ከግንብ ግንብ ዞርን፣ አፍ ሣልን፣ አፍ የሚያስጨንቅ።
ኮንዶሚኒየሙ ሰባት አፍ ወጣለት፣
አንዱ እያዛጋ፣ አንዱ ወርቅ ጥርስ አለበት።
የመኪና እጥበቱን ሲጋራ አጎረስነው፣
የፋብሪካውን ግን ሲያስመልሰው ሣልነው።
ዘበኛው ሳቁን፣ አለቃውን ሲያይ፣ ዋጠው፤
በማግሥቱ ስንመለስ አፉን ኖራ ዋጠው።

እንዲህ እየሣልኩ፣ ቁልቁል እየወረድኩ፣
ባጫ ጣሳ ይዞ፣ እኔ እያፏጨሁ፣ እየቀለድኩ፣
አንድ ቱቦ ደረስን፣ አራት ኢንች፣ ግራጫ።
"ይሄስ የማን ነው፣ ጋሼ?" አለኝ ባጫ።

አወቅኩት።
በመገጣጠሚያው የጠመጠምኩት ላስቲክ እንኳ አልተፈታም።
ሌሊት ነበር የቀበርኩት፣ በባትሪ፣ ጎረቤት ሲተኛ፤
ከመጸዳጃ ቤቴ እስከ ወንዙ፣ ዘጠኝ ሜትር።
"የወንዜ ልጅ" እያልኩ ሰላም የምለው ሰው ሁሉ
ከታች ጎመን ያጥባል።
ለሌላው አፍ ስሥል እጄ አልተንቀጠቀጠም ነበር።

"የማን ነው?"
መልስ ጠፋኝ። ብሩሹን ነከርኩ።
ራሰ በራ፣ ሾጣጣ አገጭ፣ በግራ ጉንጩ ጠባሳ —
ባጫ አንዴ ግንቡን፣ አንዴ እኔን አየ፤
ጣሳውን ግን አላስቀመጠም።

ማታ ሽታዬ መጣች፣ መልኬን ከግንቡ አይታ፤
ዶማ ይዛ በሬ ላይ ቆመች ለአንድ አፍታ።
"ጉድጓዱን የት እንቆፍር?" አለች በዝግታ።
አራት ቀን ቆፈርን። ቱቦው ተቆረጠ፤
አፌ ደርቆ ቀረ፣ ሸረሪት ተቀመጠ።

ድንጋዩ ተነጥፏል፣ ሴቶቹ ጎን ለጎን።
ደረጃው አምስት ላይ ቆመ፣ ሲሚንቶ አለቀ፤
ጎሉ ተተከለ፤ በሳምንቱ መረቡ ተሰረቀ።
የፋብሪካውን ኖራ የነሐሴ ዝናብ አጠበ፤
አፉ ከነትፋቱ እንደ ታፔላ ተነበበ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወንዙ ገና ቀይ ነው።
ብሩሼ ጣሳ ውስጥ ቆሟል፣ ከነቀለሙ ደርቆ፤
አላጠብኩትም።
የት አጥበዋለሁ?